የቪዶቫ ሉካ ሳምንት

ቪዶቫ ሉካ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2002

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዲንካ፣

የኦስትሪያው የግራዝ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ስፖርት ሳስተምር ያደከምኩት ነውና አልፈርድበትም። ከፋሲካ ወዲህ ድምፅሽን አጥፍተሽ ድንገት እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ «ይህች ልጅ ወይ ልታገባ ነው ወይ ልትፈታ ነው» ብዬ ነበር። የውድድራችንን ታሪክ ልትጽፊ መሆኑን ሳነብ ግን ደስ አለኝ። ለአሥረኛው ውድድር መጽሔት ይውጣ ያለው ማን እንደሆነ አልነገርሽኝም። መቼም አባትሽ አይሆንም፤ እሱ የሚያነበው የዓሣ ዋጋ ብቻ ነው።

በተለየ ወረቀት የጻፍሽልኝን ጥያቄዎች ይዤ ተቀምጫለሁ። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከ1990 ልጀምር። ያኔ እኔና አባትሽ ፍራኔ ከገዳሙ ወይን እርሻ ሥር መነኮሳቱ በሰጡን መሬት ላይ ሁለት የሸክላ ቴኒስ ሜዳ ነበረን። የወንዶች ውድድር ስጡን ብለን ዋናው ማኅበር ድረስ ሄድን። አንዱ ሹም ከመነጽሩ በላይ አየንና «ለእናንተ ሴቶቹ ይበቋችኋል» አለ። እኔም «አዎ፣ ሴቶቹ ይበቁናል» ብዬ በዚያው ፈረምኩ። የመጀመሪያዋ አሸናፊ ራዶስቲና የምትባል ቡልጋሪያዊት ናት። ሳምንቱን ሙሉ የደረቀ በለስ ብቻ እየበላች ሁሉንም ጠርጋ አሸነፈች።

በዓመቱ ጦርነቱ መጣ። ሆቴሉ በተፈናቃዮች ተሞላ፣ ሜዳችን አረም ዋጠው፣ አጥሩ የልብስ ማስጫ ሆነ። በ1995 እንደገና ስንጀምር አረሙን በእጃቸው የነቀሉልን እነዚያው ተፈናቃይ ሴቶች ናቸው። ይህን ሳትጽፊ ብታልፊ እቀየምሻለሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። አባትሽ በስልክ ምን ይልሻል? ሜዳው ላይ የምናነጥፈው የሸክላ ዱቄት ሁልጊዜ በኦክቶበር ይታዘዝ እንደነበር ታውቂያለሽ። በፌብሩዋሪ በጀልባ ካልመጣ በማርች ሜዳ አንከፍትም፤ ሜዳ ካልተከፈተ ደግሞ በኤፕሪል ውድድር የለም። ዘንድሮ አላዘዘም። «ታዟል ወይ?» ስለው «ይደርሳል» ይለኛል። የክት ኮቱን ለብሶ ባሕር ተሻግሮ ወደ ስፕሊት ከተማ ይመላለሳል። ምን ልትሠራ ነው ስለው «ጥርሴን ልታከም» አለኝ። ጥርሱ እኮ ሰው ሠራሽ ነው፤ ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ጠርጥሬያለሁ።

አክስትሽ ቶንካ


ግራዝ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2002

ውድ አክስቴ ቶንካ፣

መልስሽ ሲደርሰኝ ሥራ ቦታ ነበርኩ፤ የራዶስቲናን በለስ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከፋሲካ ወዲህ ስለጠፋሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ሥራዬ ጽፌልሽ አላውቅም። ቢሮ ነው፤ ወረቀት ማዘጋጀት፣ ስብሰባ መያዝ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ለመጻፍ የሚያጓጓ አይደለም። መጽሔቱንም ያዘዙኝ እዚህ ያሉ የቴኒስ ወዳጆች ናቸው።

አባዬ በስልክ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነው የሚያወራኝ። ስለ ዱቄቱ አልጠየቅሁትም፤ ብጠይቀው አንቺ እንደነገርሽኝ ያውቃል ብዬ ፈራሁ።

ሁለተኛውን የጥያቄ ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ። አንዳንዱ ደረቅ ነገር ይመስልሻል፤ ግን ታሪክ ያለ ደረቅ ነገር አይቆምም። በምትችዪው ፍጥነት ብትመልሺልኝ ደስ ይለኛል።

ያንቺው ዲንካ


ቪዶቫ ሉካ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 2002

ይድረስ ለዲንካ፣

ሁለተኛው ወረቀትሽ እውነትም ደረቅ ነው። የሆቴሉ አልጋና የመቀመጫው ብዛት፣ ሐኪም ቤቱ በመኪና የሚፈጀው ጊዜ፣ መብራት መኖር አለመኖሩ... እንዲህ ያለ ታሪክ ማን ያነባል ልጄ? ሁሉንም ከጀርባ ጽፌልሻለሁ። መብራት የለንም። ለምን ይኖረናል? በኤፕሪል ፀሐይዋ እስከ ማምሻ አለች።

ሳምንቱ በማን ስም ነው ላልሽው፤ በሁለታችን ስም ነው። ሌላው ሰው ውድድር ማለት ሜዳና ዋንጫ ይመስለዋል። ሀብቱ ግን ሳምንቱ ነው፤ በዓለም የሴቶች ቴኒስ ሰሌዳ ላይ «ይህ የኤፕሪል ሳምንት የቪዶቫ ሉካ ነው» የተባለበት መብት። ሳምንቱን የያዘ ሜዳውን የትም ቢሠራ ይችላል፤ ሳምንቱን ያጣ ግን ሜዳውን ድንች ይትከልበት። ያኔ ፍራኔ «በኔ ስም ይሁን» አለ፣ እኔም «በኔ ስም ይሁን» አልኩ። ተጣልተን ስናበቃ በሁለት ፊርማ እንዲሆን ተስማማን። አንዱ ያለ ሌላው መሸጥም መስጠትም አይችልም። እግዜር ይመስገን።

አስቂኝ ነገር ጨምሪልኝ ስላልሽ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። የ1997ቱ ፍጻሜ ዕለት የደቡብ ነፋስ፣ ዩጎ፣ ገብቶ ሌሊቱን ዘነበ። ሜዳው ሾርባ ሆነ። የበላይ ዳኛዋ ልትሰርዘው ስትል ፍራኔ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ተንበረከከ። እኔና አባ ፄሌስቲን ደግሞ የገዳሙን ብርድ ልብስ በሙሉ አውጥተን ሜዳው ላይ አነጠፍን፣ ውሃውን አስመጠጥን፣ ፍራኔ ሳይወጣ መልሰን ሸሸግን። እሱ እስከ ዛሬ በየመክፈቻው «ለቅዱስ ቪድ ለምኜ ፀሐይ ያደረቀችው ፍጻሜ» እያለ ንግግር ያደርጋል። አባ ፄሌስቲንም ምስጢሩን ይዘው ዐረፉ። ይህን እንዳትጽፊው፤ ለሳቅሽ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አባትሽ። ባለፈው ሳምንት በአባታችን አሮጌ ቤት በኩል ሳልፍ ቀና ብል ጣሪያው ራቁቱን ቆሟል። የጣሪያው ሸክላ አንድ ሳይቀር ወርዷል! ሮጬ ዓሣ ገበያ አገኘሁት።

«ፍራኔ፣ የአባታችን ጣሪያ የት ሄደ?»

«ሊጠገን ነው።»

«በዲሴምበር? ዝናብ ውስጥ?»

«ቶንካ፣ ሰርዲኑን ተመልከቺው፣ ትኩስ ነው። ትንሽ ልግዛልሽ?»

«ሸጥከው አይደል? ቤቱንም ሳምንቱንም! ለዚህ ነው ኮት ለብሰህ ስፕሊት የምትመላለሰው!»

«ሰው እየሰማ ነው ምነው አንቺ ሴትዮ!»

«ይስማ፣ ሌባ! የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሆነህ ቀረህ!»

ዓሣ ሻጮቹ ቢላዋቸውን አቁመው ነበር። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ንጹሕ ሰው አንገቱን ይደፋል? አንቺው ፍረጂ።

ቶንካ


ግራዝ፣ ጃኑዋሪ 9 ቀን 2003

ውድ አክስቴ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። የገና ዋዜማን ከአባዬ ጋር ሳትበዪ ማሳለፍሽን የሰማሁት ከራሱ ነው። «ባካላሩን ብቻዬን በላሁት፣ ጨው በዝቶበታል» አለኝ። ያ የደረቀ የዋዜማ ዓሣ በሁለታችሁ መካከል ካልተቀመጠ ገና ገና አይመስለኝም።

«አንቺው ፍረጂ» ብለሽ ነበር። ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ? ስለ አባዬ ያሰብሽውን ስህተት ነው ለማለት አልችልም። ምናልባት እንዳልሽው ይሆናል። አላውቅም። ብቻ አትጨቃጨቂው፤ እስኪ ጊዜ ስጪው።

የመልሶችሽ ዝርዝር በጣም ጠቅሞኛል። ሦስተኛው ወረቀት የመጨረሻዬ ነው። ፊርማው ዛሬም ሁለት መሆኑን፣ ወራሽ ተጽፎ እንደሆነ፣ ማኅተሙ ማን ጋ እንዳለ ብቻ ነው። ለትክክለኛነቱ ያህል ነው።

ዲንካ


ቪዶቫ ሉካ፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2003

ይድረስ ለዲንካ፣

ለሦስተኛው ወረቀትሽ መልስ ዘገየሁ። ወራሽ አልተጻፈም፤ ማኅተሙም እኔ ጋ ነው። የት እንዳስቀመጥኩት አልነግርሽም። አትቀየሚኝ፤ ዘንድሮ ለራሴም አልነግረውም።

እንግዶች መጥተው ነበር። አንዲት ትሁት ሴትዮና አንድ ባለ ሜትር ሰውዬ፣ ኦስትሪያውያን ናቸው። በፌብሩዋሪ እዚህ ደሴት ላይ ከድመት በቀር ማን ይመጣል? በቀጥታ ወደ ሜዳው ሄዱ። ሰውዬው መቀመጫውን ለካ። ሴትዮዋ እጄን ይዛ ስለ ውድድሩ ታሪክ አወራችኝ። እኔ ለእሷ ሳይሆን እሷ ለእኔ! ሁለት ፊርማ እንደሚያስፈልግ ታውቃለች። መብራት እንደሌለን ታውቃለች። «ውሳኔ አሁኑኑ ቢሆን ደስ ይለናል» አለችኝ። ዕለቱ የዩጎ ቀን ነበር፤ ባሕሩ ግራጫ ሆኖ የሁሉም ራስ ይፈልጥ ነበር። «እመቤቴ፣ በዩጎ እዚህ አገር እንኳን ፊርማ፣ ፍርድም አይሰጥም። የጥንት መኳንንቶቻችን እንኳ ነፋሱ እስኪዞር ሸንጎ ይዘጉ ነበር» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሜዳውን እያየች «የገዳሙ ብርድ ልብስ ዛሬም ያስፈልጋችኋል ማለት ነው» አለችኝ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቡና ልጋብዛችሁ ብዬ ቤት ወሰድኳቸው፤ አንድም ነገር አልጠየቅኋቸውም።

አባትሽ ነው የላካቸው ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ነው። አሁን አልነግርሽም። ካጣራሁ በኋላ እጽፋለሁ።

ቶንካ


ቪዶቫ ሉካ፣ ማርች 9 ቀን 2003

ዲንካ፣

አጣራሁ።

መጀመሪያ አባትሽን ተከተልኩት። ሐሙስ ጠዋት ጋሪ እየጎተተ ወደ ድንጋይ ካባው ወጣ። ከኋላ ከኋላው፣ በዚህ ጉልበቴ። ስደርስ መፍጫው እየጮኸ ነው፤ አባትሽ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ቀይ ሆኗል። ቀይ ሽማግሌ ሳይ መጀመሪያ ደም መስሎኝ ጮህኩ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም አልሆንኩ። ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

«ምንድን ነው የምትፈጨው?»

መፍጫውን አጠፋ። ወደ ጋሪው ሄድኩ። የአባታችን ጣሪያ ነው፤ አያታችን በጭኑ ላይ እያጎበጠ የሠራው ሸክላ፣ የጣቱ ምልክት ያለበት። ግማሹ ተፈጭቶ በጆንያ ተሞልቷል።

«ፍራኔ፣ አብደሃል?»

«የሸክላ ፋብሪካው በበጋ ተዘጋ፣ ቶንካ። ስፕሊት ስመላለስ የከረምኩት ሌላ ፋብሪካ ፍለጋ ነው። ያገኘሁት ሁሉ ሲሚንቶ ነው የሚሠራው። እና ያረጀ ሸክላ ከአዲሱ ይሻላል አሉኝ፤ ውሃ ይይዛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ግማሹ ጣሪያ ያንቺ ነው። ብጠይቅሽ ትፈቅጂልኝ ነበር?»

«በጭራሽ።»

«ይኸው። እና ሌባ ነኝ፤ በዓሣ ገበያ ልክ ብለሻል።»

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ፊቱ ላይ ሁለት ነጭ መንገድ ወጣ። ቅዳሜ ሜዳውን ከፈትን። ከድሮው ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ስትረግጪው ግን እንደ ሐር ነው። ሳምንቱን ሊሸጥ ነው ያልኩት ሰው የአባቱን ጣሪያ ለሳምንቱ ፈጭቷል። እኔ ደግሞ ገናን ብቻውን እንዲበላ ፈረድኩበት።

አሁን ላንቺ። አባትሽ ስለ ብርድ ልብሱ አያውቅም። አባ ፄሌስቲን ሞተዋል። እኔ በሕይወቴ የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔ ግን ያመለጠኝ መቼና ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ወረቀቶችሽን ሦስቱንም ደርድሬ አየሁ። ያን ሁሉ ጥያቄ ስትጠይቂኝ፣ ማን አሸነፈ ብለሽ አንድ ጊዜ አልጠየቅሽም። ራዶስቲናን ራሴ ነኝ የነገርኩሽ። አሸናፊ የማይጠይቅ የቴኒስ ታሪክ ጸሐፊ አለ? አንቺ የጠየቅሽው የሚሸጥ ቤት የሚጎበኝ ሰው የሚጠይቀውን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። ወንድሜን በከንቱ ስጠረጥር እያየሽ «ምናልባት እንዳልሽው ይሆናል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያንቺን ጥፋት እሱ ተሸክሞት ከረመ፤ አባትሽ!

መልስ ስጪኝ። ሰላምታውን ትተሽ።

ቶንካ


ግራዝ፣ ማርች 15 ቀን 2003

አክስቴ፣

አዎ፣ እኔ ነኝ። ድርጅታችን የስፖርት ውድድር ያዘጋጃል፤ ሳምንት ይገዛል። ሐሳቡን ያቀረብኩትም እኔ ነኝ። መጽሔት የሚባል ነገር የለም።

ሰበብ ከሆነብኝ ይሁን፣ ግን ስሚኝ። ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ መብራትና በቂ መቀመጫ የሌለው፣ ሐኪም ቤት የራቀው ውድድር ሁሉ ከሰሌዳው ይወጣል። ተወስኗል። ሳምንቱ ያኔ ለማንም ሳይሆን ይነጠቃል። ከዚያ በፊት ለእኛ ቢሸጥ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥም ቢሆን «የቪዶቫ ሉካ ዋንጫ» በሚል ስም ይቀጥል ነበር። በግልጽ ብጽፍልሽ የመጀመሪያውን መስመር ሳትጨርሺ እንደምትቀጂው አውቅ ነበር። መጀመሪያ ሁሉን ነገር ላዘጋጅና ከዚያ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ አንቺ አባዬን ጠረጠርሽ፤ እኔም እውነቱን ከመናገር ዝም ማለት ቀለለኝ። ለዚህ ሰበብ የለኝም።

በዚያ ሜዳ ላይ ሦስት ጊዜ ተጫውቼ ሦስቱንም በመጀመሪያው ዙር ተሸነፍኩ፤ አባዬ ግን ሦስቱንም ጊዜ ራኬቴን ተሸክሞ ቤት ወሰደኝ። የመሸጫው ወረቀት ለእሱም ለአንቺም በፖስታ ወጥቷል፤ ልመልሰው አልቻልኩም። ስሜ የለበትም።

አባዬ ያውቃል? ይህን ብቻ መልሺልኝ፣ እለምንሻለሁ።

ዲንካ


ቪዶቫ ሉካ፣ ማርች 27 ቀን 2003

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዲንካ፣

አያውቅም።

ወረቀቱ ማክሰኞ ደረሰን። ሁለታችንም ሳንፈርም መለስነው። ለከርሞ ይነጥቁናል ካልሽ ይንጠቁን፤ ዘንድሮ ግን አሥረኛው ውድድር በአባታችን ጣሪያ ላይ ይካሄዳል። አንቺ እንዲቀጥል የፈለግሽው ስሙን ነው፤ እኔ ስሙን ብቻ ምን ላደርገው?

አባትሽ ወረቀቱን ካነበበ በኋላ እኔ ቤት መጣ። ቆሞ ነው ያወራኝ።

«ይህ ሁሉ ዝርዝር ከየት መጣላቸው? ሐኪም ቤቱ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቀር!»

«እንጃ።»

«የቅርብ ሰው ነው የነገራቸው። በጣም የቅርብ። ቶንካ፣ ማንን ትጠረጥሪያለሽ?»

ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ። ግማሽ መንገድ እንደደረሰ ገባኝ። ፖስታሽ ከግራዝ ነው፣ ወረቀቱም ከግራዝ ነው። አባትሽ ዝግ ይላል እንጂ ሞኝ አይደለም።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ክረምቱን በአንተ ላይ ተናድጄ ነበር። ልትሸጠው መስሎኝ እኔ ልቅደም ብዬ ከሰዎቹ ጋር ተጻጻፍኩ። ኋላ ተጸጸትኩ።»

ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «በገበያ መካከል ሌባ ስትዪኝ፣ ሌባዋ አንቺ ነበርሽ» አለ። አዎ አልኩት። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም፤ ከተማውም ሁሉ ሰምቷል። ዓሣ ሻጮቹ የበሰበሰውን ነው የሚመዝኑልኝ።

ለምን እንዳደረግሁት አትጠይቂኝ። ተናድጄብሻለሁ። ግን እኔ እህቱ ነኝ፤ ስልሳ ዓመት ተጣልተን ታርቀናል፤ አንድ ጠብ ቢጨመርብን እንችለዋለን። ያለ አንቺ ግን እሱ ማን አለው? ሚስት የለው፣ ሌላ ልጅ የለው። እወድሻለሁ ደግሞ፤ ይኸው ተናገርኩት።

ከመጀመሪያው ውድድር ጀምሮ ዋንጫውን ለአሸናፊዋ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ አባትሽ ከለከለኝ። በስብሰባ ላይ «ከእንግዲህ ዋንጫውን የሚሰጠው እጁ ንጹሕ የሆነ የቤታችን ሰው ነው» ብሎ ያንቺን ስም አስጻፈ። የጥሪ ወረቀቱ በዚህ ሳምንት ይደርስሻል። እምቢ እንዳትዪ፤ እምቢ ካልሽ ለምን ብሎ ይጠይቃል፣ ማሰብም ይጀምራል።

ስለዚህ ትመጪያለሽ። አባትሽ ቤት ታርፊያለሽ። ምሳ ላይ እሱ እኔን ሲያማ አጎንብሰሽ ትበያለሽ እንጂ አንድ ቃል አትተነፍሺም። ፍጻሜው ዕለት ጥሩ ቀሚስ ልበሺ፤ ዋንጫው ከባድ ነው፣ በሁለት እጅሽ ያዢው። እኔ ከአጥሩ ውጭ ከሰው መካከል እቆማለሁ። ብታዪኝ ሰላም አትበዪኝ።

አክስትሽ ቶንካ